የሞቀ ሞተር

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሽታ አልጠላም፤ የዕድሜዬን ግማሽ አብሬው ኖሬያለሁ። የአዲስ ቀለም ሽታም ለብቻው ክፋት የለውም፤ በዓል ሲደርስ ግድግዳውን የሚያሳምር ቤት ያስታውሰኛል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ግን አልወዳቸውም፤ አሮጌ ብረት ላይ አዲስ ቀለም የሚደፋ ሰው የሚደብቀው ነገር አለውና። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ቃሊቲ፣ ከመለዋወጫ ሱቆቹ ጀርባ፣ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ ቆሜ ይኸው ድብልቅ ሽታ ሲሰነፍጠኝ ፊቴ መጨማደዱን ልጄ ሜሮን አየችና፣ «አባዬ፣ ሞተር ሳይክሏን ገና ሳታያት አታኩርፍ እንጂ» አለችኝ። አላኮረፍኩም። ሊያስመልሰኝ ትንሽ ነበር የቀረው።

ሜሮን የመጨረሻ ልጄ ናት። ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ቂሊንጦ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ልብስ ትሰፋለች። ሰርቪሱ እንዳያመልጣት ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፣ ወገቧን ይዛ ትመለሳለች። በቅርቡ ዕቃ በየቤቱ የሚያደርስ አንድ ድርጅት ሊቀጥራት ተስማማ። ፈቃዱን እነሱ ያወጣሉ፤ ሞተር ሳይክሉን ግን ይዛ መቅረብ ያለባት እሷ ናት፣ ያውም እስከ ሰኞ። ሰኞ ካለፈ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። መንዳቱን ትችላለች፤ ዛሬ ፎቅ በበቀለበት የአቃቂ ሜዳ ላይ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አዲስ የምትገዛበት አቅም ግን የላትም። ዕቁቧ ቢደርሳትም የሚችለው አሮጌ ነው፤ አሮጌ ደግሞ ሳያውቁ ከገዙት እንጀራ ሳይሆን መከራ ነው የሚሆነው። ስለዚህ «አንተ እያት» ብላ ይዛኝ መጣች።

ደላላው ቢኒ ይባላል። ሱሪው እላዩ ላይ የተሰፋ ይመስላል፤ ሽቶው ከቀለሙ ጋር ይፎካከራል። ሸራውን ገለጠና ቀይ የተቀባች ሞተር ሳይክል አሳየን። «ፋዘር፣ ይቺ ዕቃ ናት። ባለቤቷ ውጭ አገር ነው የሚኖረው፤ ለክረምት ሲመጣ ብቻ ነው የሚያስነሳት» አለኝ። ጎንበስ ብዬ የእግር መርገጫዋን አየሁ። ጎማው አልቆ ብረቱ ያብለጨልጫል። ሰውዬው ክረምቱን ሙሉ ከላይዋ ሳይወርድ ነው የከረመው ማለት ነው። ወንበሩን በሁለት እጄ ተጫንኩት። ቆዳው አዲስ ነው፣ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ግን ሞቷል፤ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ስታደርስ የምትውል ልጅ እዚህ ላይ ከተቀመጠች ማታ እራቷን ቆማ ነው የምትበላው። መሪዋን ይዤ ከፊት ቁልቁል ተጫንኳት። ሞላዎቹ ወረዱ፤ ለመመለስ ግን ምንም ፍላጎት አላሳዩም። በመጨረሻ መዳፌን ሞተሩ ላይ አሳረፍኩ። ይሞቃል።

«ለምን ሞቀ?» አልኩት።

«ፀሐይ ናት ፋዘር።»

ሰማዩ ዳምኗል፤ እኛ የቆምነው ደግሞ በቆርቆሮው ጥላ ውስጥ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ውሸት ነው እኔን የሚያንገሸግሸኝ። ሰው ሲዋሽ ትንሽ እንኳ ቢለፋበት እኮ የተዋሸው ሰው ክብር ይሰማዋል። ይኼ ልጅ ቀና ብሎ ደመናውን ለማየት እንኳ አልደከመም። እኛ ከመድረሳችን በፊት አስነስቶ፣ ቀቅሎ፣ አጥፍቶ፣ ሸራ አልብሶ ነው የጠበቀን።

«ትደርና ጠዋት እናያታለን» አልኩት።

«የት ነው የምታድረው?»

«እኛ ቤት።»

ቢኒ ሳቀ። «ፋዘር፣ ሞተር እንግዳ ነው እንዴ የሚያድረው?»

አዎ፣ እንግዳ ነበር። ያኔ ባቡሩ ገና አቃቂን እየጮኸ ያቋርጣት ነበር። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ሬዲዮውን መስኮቱ ላይ ያስቀምጠዋል፤ የፋብሪካው ፈረቃ ሲለወጥ መንገዱ በሰው ይሞላና ዘፈኑን እያዳመጥን ዳቦ በሻይ እንበላለን። ዳቦው በዐሥር ሳንቲም ነው፣ ያውም እጅ የሚሞላ፤ ቤንዚን ሊትሩ አንድ ብር አይሞላም። እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ፈትል ክፍል ነበርኩ። ጸጉሬ ጆሮዬን ሸፍኗል፣ ቤልቦተም ሱሪዬ ጫማዬን ውጦ አቧራ ይጠርጋል። መንግሥት የተለወጠው ከዚያ በፊት ይሁን በኋላ አሁን ይምታታብኛል፤ ሱሪው ግን ቡናማ እንደነበረና ከድልድዩ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ጉልበቱ ላይ ትንሽ አጥብቦ እንዳበላሸብኝ አልረሳም። ዛሬ በዚያ ሻይ ቤት ቦታ የስልክ ካርድና የቻይና ጫማ የሚሸጥበት ሕንፃ ቆሟል፤ ከፊቱ የሚያልፈው ከባድ መኪና ጭስ አፍ አያስከፍትም።

በዚያ ዘመን አቃቂ ውስጥ አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚገዛ ሰው ሜዳ ላይ አይቶ አይገዛም። ባለቤቱ ራሱ ማምሻውን ነድቶ ገዢው ቤት ያመጣታል። እራት ይቀርብለታል፣ በልቶ ይመርቃል፣ በእግሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል። መያዣ የሚባል ነገር የለም፤ መያዣ መጠየቅ ሰውየውን ሌባ ማለት ነበር። ከሥሯ ጋዜጣ ይነጠፋል፤ ሌሊቱን ዘይት ካንጠባጠበች ጠዋት ወረቀቱ ላይ ይታያል። ሲነጋ ባለቤቱ ይመጣና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። በዚያ ጠዋት ሻጭ ንብረቱን መንካት ነውር ነው። የሚያስነሳት ገዢው ነው፣ በብርድ፣ ጤዛ እንደለበሰች። የሞቀ ሞተርማ ምን ችግር አለው? የሞቀ ሁሉ ደህና ነው፤ ጉዱ የሚታወቀው ሲበርድ ነው። ከተነሳች በኋላ ደግሞ ከቤት አንዲት ሴት፣ እናት ወይም ሚስት፣ ከኋላ ትቀመጥና የባቡር ሐዲዱን ቀስ ብለው ይሻገራሉ። ከኋላ ያለችው ጥርሷ ካልተጋጨ ወንበሩም ሞላውም ደህና ነው። የምቾቱ ምስክር እሷ ናት፤ «አይሆንም» ካለች ገዢው አይከራከራትም።

እኔ የገዛሁት ከጋሽ ታደሰ ነበር። የፋብሪካው ሾፌር ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ኮቱን በሙቀትም የማያወልቅ ሰው። ሞተር ሳይክሏን የፈለግኋት ዱከም ለምታስተምር አንዲት ልጅ ስል ነው። እሁድ እሁድ አውቶቡሱ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል፤ እኔ አርፍጄ ስደርስ ልጅቷን ከቤተ ክርስቲያን የሚሸኝ ሌላ ሰው አይጠፋም ነበር። ኋላ የሜሮን እናት ሆነች፣ ነፍሷን ይማር። ጋሽ ታደሰ ማምሻውን ሲያመጣልኝ፣ «በብርድ ታስቸግራለች፤ ሳልነግርህ ቀረሁ እንዳትል» አለኝ። እራቱን በልቶ ሄደ። እኔም የሌሊት ፈረቃ ስለነበርኩ ተከትዬው ወጣሁ። እማዬ ከሞተር ሳይክሏ ጋር ብቻዋን ቀረች።

ጠዋት ከሥራ ስመለስ ግቢው ውስጥ ያቆምኩበት ቦታ ላይ ቆማለች። ጋዜጣዋ ከሥሯ ተነጥፏል፣ ጋሽ ታደሰም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። አንዴ ረገጥኩ። ተነሳች። ጋሽ ታደሰ ከእኔ ይበልጥ ተገርሞ፣ «ለካ ጠቧ ከእኔ ጋር ነው» አለ። ሞተሩን በእጄ ልንካው የሚል ሐሳብ አልመጣልኝም፤ ውጭ ያደረን ብረት ማን ይነካል? እማዬን ከኋላ አስቀምጬ ሐዲዱን ተሻገርን። ነጠላዋን አጥብቃ እንደያዘች፣ «ከአውቶቡሱ ይሻላል» አለች። ገዛኋት።

በማግስቱ ጠዋት ረገጥኩ፣ ረገጥኩ፣ ባቴ እስኪያብጥ ረገጥኩ። ዝም። ጋሽ ታደሰን ሻይ ቤቱ ውስጥ አገኘሁትና በሰው ፊት የማይባል ነገር ተናገርኩት። ሰውየው ቤቱ ሄዶ የሰጠሁትን ብር መሐረብ ውስጥ እንደተቋጠረ ይዞ እኛ ቤት መጣ፤ እኔንም ትቶ እማዬን፣ «እትዬ ብርቄ፣ ያን ዕለት የት ነበር ያሳደሯት?» አላት።

«የት አሳድራታለሁ ጋሽ ታደሰ? ቤት ውስጥ ነዋ። እንግዳ ውጭ ያድራል እንዴ?»

«ቤት ውስጥ የት?»

«ከምድጃው አጠገብ። ብርድ ያስቸግራታል ሲሉ ሰምቼ ጋቢም ደረብኩላት። ሊነጋጋ ሲል መልሼ አወጣኋት፤ ልጄ ወለሉን በዘይት አበላሸች ብሎ እንዳይጠላት።»

ያ ዝምተኛ ሰው ደጃፋችን ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ኮቱን ሲያወልቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ መሐረቡን ዘረጋልኝ። እማዬ ግን እጄን ያዘችኝ። «ከቤቴ አድራ የወጣች አትመለስም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እኔው አሞቃታለሁ» አለች። አሞቀቻትም። ብርድ በመጣ ቁጥር ከእኔ ቀድማ ትነሳና ፍም በጣሳ አድርጋ ከሞተሩ ሥር ታስቀምጣለች። ቤንዚን አጠገብ ፍም! ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል፤ ያኔ ግን ሞቃ ትጠብቀኛለች፣ ረግጬ እሄዳለሁ። ኋላ ካንዴላዋንና ካርቡራተሯን አስቀይሬ ብርዱን ብትለምድም፣ እማዬ ማሞቋን አልተወችም። እኔም አልነገርኳትም። ከዚያ ወዲህ ግን የማየውን ሞተር ሁሉ ሳልነካ አላልፍም።

ቢኒ ብዙ ከተከራከረ በኋላ እንድታድር ተስማማ። የተስማማው ደግሞ አምኖን አይደለም፤ የሜሮንን መታወቂያ ወስዶ ነው። ሦስት ጊዜ አገላብጦ አየው፤ ፎቶውን ከፊቷ ጋር አስተያየ። ጋሽ ታደሰ እራቱን በልቶ በእግሩ የሄደበትን አገር አስታወስኩና ምራቄ መረረኝ። እኔ ዘይቱን ለማየት እንደገና ቁጢጥ ብዬ እጄን ሞተሩ ላይ ሳደርግ ቢኒ ስልኩን አወጣ። «ፋዘር፣ እንደዚሁ ይቆዩ» ብሎ ፎቶ አነሳኝ። ይኼም መያዣ መሆኑ ነው ብዬ ተውኩት።

ሜሮን ገላን ድረስ ነድታ ወሰደችን። መንገዱ ላይ ያለው ፍጥነት መቀነሻ የእኔ ሐዲድ ነው፤ ከኋላ ተቀምጬ ስንሻገረው ሰው ሠራሹ ጥርሴ ቦታውን ለቀቀ። ይሁን፤ ወንበርና ሞላ ይቀየራል፣ ዋናው የጠዋቱ ነው። ከደረጃው ሥር አቆምናትና የማካሮኒ ካርቶን ዘርግተን ከሥሯ አነጠፍን። ዘበኛው እንዲጠብቃት አደራ አልነው። እራት ላይ የአያቷን ታሪክ ነገርኳት። ስለ ምድጃው ከዚያ በፊት ሰምታ አታውቅም ነበር፤ ሳቀችና፣ «አያቴ ብርዱን እንዴት ቻለችው?» አለችኝ። ጠረጴዛው ላይ አዲስ የራስ ቁር ተቀምጧል። ሞተር ሳይክሉ ሳይኖር ቁሩን ቀድማ ገዝታለች። ያን ሳይ ነገ ጠዋት «ትሆናለች» ማለት እንዴት እንደፈለግኩ እግዚአብሔር ያውቃል።

እሁድ ጠዋት ስንወርድ ቢኒ ከእኛ ቀድሞ ከደረጃው ሥር ቆሟል። እጁ ወደ ኋላ አልተጣመረም፤ መሪዋን ይዟል። «እንደምን አደሩ ፋዘር። አንድ ምት ብቻ ይዩ» አለና እግሩን አነሳ። ሜሮን «ቆይ» አለችው። ጎንበስ ብላ መዳፏን ሞተሩ ላይ አሳረፈች፤ ልክ እኔ እንደማደርገው። ወደ እኔ ዞረች።

«አባዬ፣ እኔ ከምድጃ አጠገብ አላሳደርኳትም» አለችኝ።

እኔ ወለሉን ነበር የማየው። የማካሮኒው ካርቶን የለም። በቦታው የሳሙና ካርቶን ተነጥፏል፣ ንጹሕ፣ አንድ ጠብታ የሌለበት። የእኛን ካርቶን ኋላ የቆሻሻ ማጠራቀሚያው አጠገብ አገኘሁት፤ መሃሉ በዘይት ርሶ ይታጠፋል። ዘበኛውን ብጠይቀው፣ «ወንድሟ ነኝ አለኝ አባቴ፤ ቁልፍም ነበረው። ዞር ዞር አድርጌ ልመልሳት ሲል ምን ልበለው?» አለኝ። ተመልከቱ እንግዲህ። ወንድሟ ሆነ። እኔ ሳላውቅ ልጅ ወለድኩ።

«ፋዘር፣ ለእናንተ ብዬ እኮ ነው፤ በብርድ እንዳትቸገሩ» አለኝ ቢኒ፣ ፊቱ ላይ የኀፍረት ጥላ እንኳ ሳያልፍ። እናቴ ያለችው እኮ ነው፤ ያው ቃል፣ ያው ሙቀት። መልስ ብሰጠው የእሷን ስም ከእሱ አፍ ጋር ማገናኘት መስሎ ተሰማኝና ተውኩት። ሜሮን መታወቂያዋን ተቀበለች፣ እሱም ሞተር ሳይክሏን አስነስቶ ሄደ። በአንድ ምት ነው የተነሳችው።

ሰኞ አለፈ። ድርጅቱ ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጠ፤ ሜሮንም ጎህ ሳይቀድ ወጥታ የቂሊንጦውን ሰርቪስ ተሳፈረች። የራስ ቁሩን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለችው። እኔን አንድም ቃል አልወቀሰችኝም፤ ይልቅ በስልክ፣ «ብገዛት መሀል ቀለበት መንገድ ላይ ነበር የምትጥለኝ» አለችኝ፣ ልታጽናናኝ። የተበደለችው እሷ፣ የምታጽናናው እሷ። ሳምንቱን ሙሉ ንዴቱ እህል አላስበላኝም።

ሐሙስ ማታ መጣችና ስልኳን ዘረጋችልኝ። አብራት የምትሠራ ልጅ ቴሌግራም ላይ አይታ ነው የላከችላት። ቀይዋ ሞተር ሳይክል ናት። አጠገቧ አንድ ሽማግሌ ቁጢጥ ብሎ፣ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳርፎ፣ ዓይኑን ከደን አድርጓል፤ የሚባርካት ይመስላል። ሽማግሌው እኔ ነኝ። ከሥሩ፣ «በአንጋፋ ባለሙያ የታየች። ቤት አድራ የተፈተነች። ጠዋት በብርድ በአንድ ምት የምትነሳ» ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። ኪሴ ብዙ ጊዜ ተዳብሷል፤ አንድ ጊዜ ጫማዬን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወስደውብኛል። እንዲህ ዓይነት ሌብነት ግን አላየሁም። የጋሽ ታደሰን እራት፣ የእማዬን ጋቢ፣ ያን ሁሉ ጠዋት ወስዶ ማስታወቂያ አደረገው፤ ማኅተሙም የእኔ ፊት ነው። ያን ፎቶ አይቶ የሚገዛ ሰው የሚያምነው እኔን ነው። ሜሮን «አባዬ፣ ተወው፤ ጤናህን» አለችኝ። አልተውኩትም።

በማግስቱ በሚኒባስ ቃሊቲ ወረድኩ። ግቢው ውስጥ ስገባ ያው ሽታ ተቀበለኝ። ከሞተር ሳይክሏ አጠገብ አንድ ወጣት ባል ከሚስቱ ጋር ቆሟል፤ ጫማው ላይ ሲሚንቶ ደርቋል፣ እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። ቢኒ ሲያየኝ የሚደነግጥ መስሎኝ ነበር። ጭራሽ ፊቱ በራ።

«ይኸው ፋዘር ራሳቸው መጡ። እሳቸውን ይጠይቋቸው» አላቸው።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። «አባቴ፣ ፎቶው ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት? እውነት ቤት አድራ አይተዋታል?»

«አድራለች» አልኩ። ቢኒ ፈገግ አለ። «እስቲ እጅህን ሞተሩ ላይ አድርግ» አልኩት ሰውየውን።

ሰውየው አደረገ። ሚስቱም ጎንበስ ብላ ከእሱ እጅ አጠገብ መዳፏን አሳረፈች፣ ቶሎም አላነሳችውም። የጠየቀችው እሷ ናት።

«ማነው ያሞቃት?»

«እናቴ ብትሆን ኖሮ ግዟት እላችሁ ነበር» አልኳት።

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባትም። ቢኒን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ቀና ብላ ደመናውን አየች። ከዚያ እጇን አነሳች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ ባሏን «አይሆንም» አለችው። ባሏ አልተከራከራትም፤ ተያይዘው ወጡ።

ቢኒ ፋዘር ማለቱን ትቶ ብዙ ነገር አለኝ። ሌላ ገዢ ሊጠራ ስልኩን ሲያወጣ እኔ ከሞተር ሳይክሏ አጠገብ ሄጄ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። እስክትበርድ የትም አልሄድም።